የማማ ሰዎች፦ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ጉችላንድ መዝገብ እያገላበጥን

ሰኞ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ (አሜሪካ)

የጉዞው ሰበብ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ናት። ትምህርት ቤት የዘር ሐረግሽን ሠርተሽ አምጪ አሏት። በእኔ በኩል ብዙም አልተቸገረችም። ደብረ ማርቆስ ያለው ታላቅ ወንድሜ ስልክ አንስቶ ሰባት ቤት ቆጠረላት፤ እሷም የእያንዳንዱን ስም አጻጻፍ እያስደገመች አደከመችው። በአባቷ በኩል ግን ሦስተኛው ትውልድ ላይ ቆመች።

ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የእናቱ ዘመዶች ከቨርጂኒያ ዋና ከተማ ከሪችመንድ በስተ ምዕራብ፣ ጄምስ ወንዝ ዳር ካለው ጉችላንድ ካውንቲ (ወረዳ) ናቸው። ለሠርግም ሆነ ለቀብር ሲሰበሰቡ ያያቸው ሰው የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን ለማመን ይቸገራል፤ ከጠይሙ አንስቶ ፈረንጅ እስከሚመስለው ድረስ ሁሉም አለ። ቤቱ ውስጥ ሁለት ወሬ ይወራል። አንደኛው በኩራት የሚነገር ነው፦ "የእኛ ሰዎች ነጻ የተወለዱ ናቸው፤ ባርነት አያውቁም።" ሁለተኛው ሆድ ይፍጀው የተባለ ነው፦ የአማቴ አያት አክስት በወጣትነቷ ከቤት ወጥታ ቀረች። የት ሄደች ብሎ የጠየቀ መልስ አያገኝም፤ ጨዋታው ወደ ሌላ ይዞራል።

አማቴን ማማ ነው የምላቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ትምህርት ቤት ለፀደይ እረፍት እንደተዘጋ "ልጁ ሥራውን ይሥራ፤ እኛ ሴቶቹ እንሂድ" ብለው ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። ጉዞውን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ የቤተሰቡን ስም እንዳላነሳ አስምለውኝ ነውና ስም አልጠራም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ሳሎን ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠን ዋልን። አሜሪካኖች ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝባቸውን ይቆጥራሉ። (እኛ አገር የመጀመሪያው ብሔራዊ ቆጠራ የተካሄደው በ1984 ነው፤ ወንድሜ የቆጠራቸው ሰዎች በሙሉ ወረቀት ላይ ሳይሰፍሩ ነው ያለፉት።) የግለሰቡ መረጃ የያዘው ገጽ ለ72 ዓመት ይዘጋል፤ ስለዚህ ለሁሉ ክፍት የሆነው የመጨረሻው ቆጠራ የ1950ው ነው፤ የተለቀቀውም በ2022 ነው። ማማን እዚያ አገኘናቸው፤ ዕድሜ 3፣ የጉችላንድ ነዋሪ፣ ዘር ኔግሮ። መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን ተጠጉና "ይቺ ናት እንግዲህ" አሉ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ከዚያ በአያታቸው ወደ ኋላ ሄድን። ሴትየዋ የተወለዱት በ1893 ነው። በ1900 ቆጠራ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነው "ጥቁር" ተብለዋል። በ1910 "ሙላቶ" (ክልስ)፣ በ1920ም "ሙላቶ"፣ በ1930 "ኔግሮ"። ልጄ ግራ ተጋባች፦ "ሰው በየአሥር ዓመቱ ይቀየራል እንዴ?" የተቀየረው መመሪያው ነው። የ1900 መመሪያ ክልስን ለይቶ የሚጽፍበት ምድብ አልነበረውም፤ የ1910 እና የ1920 ነበረው፤ የ1930 ደግሞ የጥቁር ደም ያለበት ሰው መጠኑ ምንም ያህል ቢያንስ ኔግሮ ተብሎ ይመዝገብ ብሎ አዘዘ። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው፣ ቆጣሪው ሰውየውን "ምንድን ነህ?" ብሎ የመጠየቅ ግዴታ አልነበረበትም። በር ላይ ቆሞ ዓይኑ ያየውን ይጽፋል፤ ቤት ውስጥ ሰው ካጣ ደግሞ ጎረቤት ይጠይቃል። ሰዎች ዘራቸውን ራሳቸው መሙላት የጀመሩት ከ1960 ወዲህ ነው።

ስለዚህ ፍለጋ የምትጀምሩ ካላችሁ፣ የዘር ዓምዱን መጨረሻ ላይ እዩት። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ሥራውን፣ ከሁሉ በላይ ከላይና ከታች ያሉትን ጎረቤቶች ያዙ። ቆጣሪው ከቤት ቤት እየሄደ ስለሚጽፍ፣ ገጹ ላይ ጎን ለጎን ያሉት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይም ጎን ለጎን ነበሩ።

የ1890ው ቆጠራ አይገኝም። ዋሽንግተን በሚገኘው የንግድ ሚኒስቴር ሕንጻ በጥር 1921 በተነሳው እሳትና እሳቱን ለማጥፋት በተረጨው ውሃ ተበላሽቷል፤ የተረፈው ትንሽ ነው። በ1880 እና በ1900 መካከል የሃያ ዓመት ጉድጓድ አለ። ጠፋች የተባለችው ሴት በ1880 የአራት ዓመት ልጅ ሆና ከእናት ከአባቷ ጋር ትታያለች። በ1900 ጉችላንድ ውስጥ የለችም።

ማክሰኞ፣ ወደ ሪችመንድ

አይ-95 መንገድ እንደ ልማዱ ፍሬደሪክስበርግ አካባቢ ቆሞ ጠበቀን። ድፎ ዳቦና ሻይ በቴርሞስ ይዤ ነበር፤ ማማ ድፎ ይወዳሉ፤ ጎሽ የሚለውን ቃልም የተማሩት በድፎ ነው።

ካሮላይን ካውንቲ የሚለውን ሰሌዳ ስናልፍ ስለ ሎቪንግ ባልና ሚስት ለልጄ ነገሯት። ሪቻርድ ነጭ ነበር፤ ሚልድረድ ክልስ። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለውን ጋብቻ ስለምትከለክል በሰኔ 1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡና ተመለሱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሸሪፉ በሌሊት መኝታ ቤታቸው ገባ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የጋብቻ ወረቀት ቢያሳዩት እዚህ አይሠራም አላቸው። በ1959 ዳኛው አንድ ዓመት እስር ፈርዶ፣ ለ25 ዓመት ከቨርጂኒያ ከወጡ ቅጣቱ እንደሚታገድላቸው ነገራቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን የሻረው በሰኔ 12 ቀን 1967 ነው። ማማ ያኔ ሃያ ዓመታቸው ነበር። "አባቴ ሬዲዮውን ሰምቶ ዘጋውና 'አሁን ደግሞ ማን ማን እንደነበረ ሊወራ ነው' አለ" አሉ። አባባሉ የገባኝ በኋላ ነው።

ረቡዕ፣ ሪችመንድ

የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ብሮድ ጎዳና ላይ ነው። የክፍለ ግዛቱ ቤተ መዛግብትም እሱው ነው። ቦርሳ ሎከር ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ንባብ ክፍሉ እርሳስና ወረቀት ብቻ ይዞ መግባት ነው። ልጄ እስክሪብቶ ሲወሰድባት የመጀመሪያዋ መሆኑን ከፊቷ አየሁ።

የማማ ቅድመ አያት በ1868 የተወለዱ ሴት ናቸው። የእሳቸውን እናትና አባት ከ1870 እና ከ1880 ቆጠራ አውቀናል፤ አባትየው ጀልባ ነጂ፣ እናትየው የቤት እመቤት። ያጣነው የባልና ሚስቱን ጋብቻ ነው። ከ1853 ጀምሮ ቨርጂኒያ የጋብቻ መዝገብ ይዛለች፤ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ የወላጆች ስም ሁሉ ይጻፍበታል። ኢንዴክሱን ከላይ እስከ ታች ብንፈልግ የሉም።

በመጀመሪያ ባልየውን ወደ ኋላ ተከተልነው፤ ለእሱ ነበር የማማ ኩራት። የ1850 ቆጠራ ነጻ ሰዎችን ሁሉ በስም የጻፈ የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። ልጁ እዚያ አለ፤ ዕድሜው 15፣ ሙላቶ። የቤቱ አባወራ እናቱ ናቸው፦ 38 ዓመት፣ ልብስ አጣቢ። ባል የለም። በቀጣዩ መስመር ላይ ያለው ቤት የአንድ ነጭ ገበሬ ነው፤ ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ ብቻውን ይኖራል። ማማ በእርሳሱ ጫፍ ሁለቱን መስመሮች ነካ ነካ አደረጓቸው። ማንም ምንም አላለም። ከጎረቤትነት በቀር የሚያገናኛቸው ወረቀት ስላላገኘን እኔም ከዚህ በላይ አልልም።

የልብስ አጣቢዋ ነጻነት በሌላ መዝገብ ጸድቋል። ከ1793 ጀምሮ የቨርጂኒያ ነጻ ጥቁሮችና ክልሶች ፍርድ ቤት ቀርበው መመዝገብ ነበረባቸው፤ በካውንቲዎች በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ 25 ሳንቲም ይከፈላል። ፎቶ በሌለበት ዘመን ጸሐፊው ሰውን በቃላት ይሥላል። የማማ ምንጅላት እናት በ1833 እንዲህ ተመዝግበዋል፦ ዕድሜ 21፣ ቀለሟ ቢጫ፣ ቁመቷ አምስት ጫማ ከሁለት ኢንች፣ ግራ አንጓዋ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባት፣ ነጻ የተወለደች። ጠባሳው የተጻፈው ለመለያ እንዲሆን ነው። ለእኛ ግን ሁለት መቶ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ ወዲያ የምትታየው የዚያች ሴት አካል እሱ ብቻ ነው። የልጄ ቁመት አምስት ከሁለት ነው፤ ራሷ ነች ያስተዋለችው።

ነጻ መወለድ ከየት መጣ? የቨርጂኒያ ሕግ ከ1662 ጀምሮ ልጅ የእናቱን ወግ ይይዛል ብሎ ደንግጎ ነበር። እናቱ ባሪያ ከሆነች፣ አባቱ ጌታው ራሱ ቢሆን እንኳ ልጁ ባሪያ ነው። ይኸው ሕግ በተቃራኒው ደግሞ ሌላ መንገድ ከፈተ፤ ነጭ ሴት ከጥቁር ወንድ የወለደችው ልጅ ነጻ ሆነ። ያንን ለመቅጣት የ1691 ሕግ መጣ፦ ሴትየዋ 15 ፓውንድ ትከፍላለች፣ ካልሆነላት ለአምስት ዓመት አገልግሎት ትሸጣለች፤ ልጁ ደግሞ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለሰው ያገለግላል። እንዲያም ሆኖ ነጻ ነው፤ ልጆቹም ነጻ ናቸው። በቨርጂኒያ ከነበሩት የቆዩ ነጻ ክልስ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ግንዳቸው ተቆጥሮ ሲደረስበት እንዲህ ያለች አገልጋይ ሴት ላይ ያርፋል። የማማን ቤተሰብ ስም የያዘች "ክልስ ልጅ" አንድ ገበሬን እንድታገለግል የታዘዘችበት የ18ኛው ክፍለ ዘመን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አየን። ማማ ወዲያው ሐረጉ ላይ ሊጨምሯት ፈለጉ። እኔ በእርሳስና በጥያቄ ምልክት ይሁን አልኩ፤ ስም መመሳሰል ዝምድና አይደለም። ትንሽ ኮረፉኝ።

ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ባለሙያ ስለ ጠፋው ጋብቻ ሰምታ አንድ ነገር ጠየቀችን፦ "ሚስቲቱስ ነጻ ነበረች?" ማማ "የእኛ ሰዎች..." ብለው ጀመሩና አቆሙ።

ባሪያ የሆነ ሰው በቨርጂኒያ ሕግ ማግባት አይችልም ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካለቀ በኋላ፣ በየካቲት 27 ቀን 1866 የወጣው ሕግ አብረው የሚኖሩትን ሁሉ ባልና ሚስት፣ ልጆቻቸውንም ሕጋዊ ልጆች አደረገ። የነጻ ወጪዎች ቢሮ (ከባርነት የወጡትን ለመርዳት መንግሥት ያቋቋመው መሥሪያ ቤት) መኮንኖች በየካውንቲው ዞረው መዘገቧቸው። ከዚህ መዝገብ እስከ ዛሬ የተረፈላቸው ካውንቲዎች ጥቂት ናቸው፤ ጉችላንድ አንዱ ነው። ምስሉ በኢንተርኔትም ይገኛል።

ገጹ ሰፊ ነው፤ በግራ የባል፣ በመሐል የሚስት፣ በቀኝ የልጆች፣ መጨረሻ ላይ አብሮ መኖር የጀመሩበት ጊዜ። እንዲህ ይላል፦ ባል፣ 31፣ ጀልባ ነጂ፣ የመጨረሻ ባለቤት በሚለው ዓምድ ሥር "ነጻ"። ሚስት፣ 26፣ በዚያው ዓምድ ሥር የአንድ ሰው ሙሉ ስም። ልጆች፣ 7፣ 4፣ 1። የጀመሩበት 1858።

የሰውየውን ስም ይዘን ወደ 1860 ተመለስን። በዚያ ዓመት ባሪያዎች የተቆጠሩት በሌላ ቅጽ ነው፤ በጌታው ስም ሥር ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቀለም፤ ስም የለም። ከብዙ መስመሮች መሐል አንዱ "20፣ ሴት፣ ጥቁር" ይላል፤ ከሥሩ "1፣ ሴት፣ ሙላቶ"። ማማ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ነጻ አባት ከባሪያ እናት የወለዳት ልጅ፣ እናቷን ተከትላ፣ የሰው ንብረት ሆና ተቆጥራለች።

"ለምን ገዝቶ ነጻ አላወጣትም?" አለች ልጄ። ምናልባት ገንዘቡ አልነበረውም። ቢኖረውስ? ከ1806 ጀምሮ ነጻ የወጣ ሰው በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ቨርጂኒያን ለቆ እንዲወጣ ሕጉ ያዝዛል። ነጻ ቢያወጣት ወይ ትሰደዳለች፣ ወይ እሱም ጀልባውንና እናቱን ትቶ ይከተላታል።

ስንወጣ አየሩ ደስ ይል ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ ጥቂት ብሎክ ርቆ ፓትሪክ ሄንሪ ሕንጻ አለ፤ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 በሎቪንግ ባልና ሚስት ላይ የተፈረደውን ጥፋተኝነት ያጸናው እዚያ ነበር። ደጁ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተተክሏል። ማማ ከሰሌዳው አጠገብ ፎቶ መነሳት አልፈለጉም። እራት ላይም ዝም እንዳሉ ነበር፤ ሆቴል ስንደርስ ብቻ "አያቴ ግማሹን ነው የነገረችን" አሉ።

ሐሙስ፣ ጉችላንድ

ከሪችመንድ በ6 ቁጥር መንገድ ወደ ምዕራብ። ቤቶቹ እየሳሱ፣ ሜዳው እየሰፋ ይሄዳል። በስተግራ ወንዙ ከዛፍ ጀርባ ብቅ ጥልቅ ይላል። የማማ ምንጅላት ጀልባ የነዳበት ቦይ ከወንዙ ጎን ለጎን ይሄድ ነበር፤ ከሪችመንድ ሊንችበርግ የደረሰው በ1840 ነው። በ1880 ለባቡር ኩባንያ ተሸጠና በቅሎዎች ጀልባውን የሚጎትቱበት መንገድ ላይ ሐዲድ ተዘረጋበት። ባቡሩ ዛሬም ያልፋል፤ ሲያልፍ ቆመን አየነው።

የጉችላንድ ፍርድ ቤት ከ1820ዎቹ ጀምሮ የቆመ ባለ አምድ የጡብ ሕንጻ ነው። በጦርነቱ ብዙ ካውንቲ መዝገቡ ሲቃጠልበት ይሄኛው ተርፎለታል። የመዝገብ ክፍሉ ጸሐፊ የማማን የቤተሰብ ስም ሲሰሙ ፈገግ አሉ፤ የስማቸው ዘመዶች ካውንቲውን ሞልተውታል።

የምንፈልገው የቅድመ አያትየዋ ጋብቻ ወዲያው ተገኘ። 1889፣ ሙሽራዋ 21፣ ወላጆቿ በሚለው ሥር የጀልባ ነጂውና የሚስቱ ስም በእጅ ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ከቆጠራ የገመትነውን ትውልድ ከትውልድ የሚያስተሳስር ወረቀት ይህ ነው። ቆጠራ እነማን አንድ ጣራ ሥር እንደነበሩ ይነግራል፤ የጋብቻ መዝገብ ደግሞ ማን ከማን እንደተወለደ።

ያልጠበቅነው የአያትየዋ ወንድም የጋብቻ ፈቃድ ነው፤ 1926። ቀለም በሚለው ቦታ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ቃል በሰረዝ ተሰርዟል፤ ከላዩ በሌላ ቀለምና በሌላ እጅ "ባለቀለም" ተብሏል። ከሥር ያለውን ለማንበብ አጉሊ መነጽር አላስፈለገም፤ "ነጭ" ነው የሚለው።

ያ ዓመት ምን ነበር? በመጋቢት 1924 ቨርጂኒያ የዘር ንጽህና ሕግ የሚባለውን አወጣች። ነጭ የሚባለው ከነጭ በቀር ሌላ ደም የሌለበት ሰው ብቻ ሆነ፤ የታለፈው ከአንድ አሥራ ስድስተኛ ያልበለጠ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ደም ያለበት ነው። የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው ጸሐፊ፣ ሙሽሮቹ ስለ ቀለማቸው የተናገሩት እውነት መሆኑን እስኪያምን ድረስ ፈቃዱን እንዲይዝ ታዘዘ። ከዚያ በፊት መስፈሪያው ሌላ ነበር፦ እስከ 1910 ድረስ ከአያቶቹ አንዱን የሚያህል የጥቁር ደም ያለበት ነው ባለቀለም የሚባለው፤ በ1910 ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ወረደ። አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ምንም ሳያደርግ፣ ሕግ በወጣ ቁጥር ዘሩ ይቀየር ነበር ማለት ነው።

የሕጉ ዋና አስፈጻሚ የልደትና የሞት ምዝገባ ቢሮውን ከ1912 እስከ 1946 የመራው ዋልተር ፕሌከር ነው። የድሮ መዝገቦችን እያስፈተሸ፣ ነጭ ነን የሚሉ ቤተሰቦችን አያቶች እያወጣ፣ ለካውንቲ ጸሐፊዎችና ለትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። በ1943 መጠርጠር ያለባቸውን የቤተሰብ ስሞች በየካውንቲው ዘርዝሮ አሰራጭቷል። እኛ ዛሬ በደስታ የምናገላብጣቸው የድሮ መዝገቦች የእሱም መሣሪያዎች ነበሩ። የማማ አባት በ1967 ሬዲዮውን የዘጉት ከዚህ የተነሳ ነው፤ ወረቀት ሲነሳ ለበጎ ሆኖ አያውቅም።

ዓርብ፣ እዚያው

ማማ ያደጉባት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በጥድ የተከበበች ትንሽ ቤት ናት። የሩቅ ዘመዳቸው የሆኑ ሽማግሌ ዲያቆን ቁልፍ ይዘው መጡ፤ ከመኪናቸው ውስጥም አንድ የጫማ ካርቶን አወጡ። በውስጡ ያለው የቀብር ቀን ፕሮግራም ነው፤ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ይህን ወረቀት አይጥሉም። በእያንዳንዱ ላይ የሟች አጭር ታሪክ፣ የወላጆች ስም፣ የተረፉ ልጆችና የልጅ ልጆች ዝርዝር አለ። ፍርድ ቤት ውስጥ የማይገኝ ነገር እዚህ አለ፤ በተለይ የሴቶቹ የድሮና የአዲስ ስም።

የጠፋችውን ሴት ጠየቅናቸው። ዲያቆኑ ማማን አዩ፣ ማማ ጫማቸውን አዩ። "ተሻግራለች ነው የሚባለው" አሉ በመጨረሻ። "ዋሽንግተን ሄዳ ስፌት ሠራች። ከዚያ ነጭ ሆነች። እናቷ ስትሞት በፖስታ ገንዘብ ልካለች፤ አድራሻ የለውም።"

ማታ ሆቴል ውስጥ ማማ ስልካቸውን ለልጄ ሰጧት። ባለቤቴ ለልደታቸው የዲኤንኤ ምርመራ ገዝቶላቸው ነበር፤ ድረ ገጹ ላይ ከተዛመዷቸው ሰዎች አንዷ ሜሪላንድ ያለች ነጭ ሴት ናት፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ መልእክት ልካለች። ማማ አንብበውት መልስ አልሰጡም። "ከእርስዎ ጋር እንዴት እንደምንዛመድ ሊነግሩኝ ይችላሉ? የአያቴ እናት ቨርጂኒያ እንደተወለደች እንጂ ሌላ አናውቅም" ይላል።

ሰኞ፣ ዋሽንግተን

ቅዳሜና እሑድ ቤት አረፍን። ዛሬ በጠዋት ወደ ዋሽንግተን የበላይ ፍርድ ቤት የጋብቻ ክፍል ሄድን። ዋሽንግተን የዘር ልዩነት ያለውን ጋብቻ አትከለክልም ነበር፤ በዚህ ምክንያት ብዙ የቨርጂኒያ ጥንዶች ወንዙን ተሻግረው ይመጡ ነበር። የእኛዋ ሴት ግን ያንን መብት አልተጠቀመችበትም። ማመልከቻው ተገኝቷል፤ 1902፣ ዕድሜዋ 26፣ የተወለደችው ቨርጂኒያ፣ ስሟ ከነአባቷ ስም ያው የጉችላንዱ። ቀለም፦ እሱም ነጭ፣ እሷም ነጭ። ስሟን እንኳ አልቀየረችም። ማማ ያሳቃቸው ይህ ነው፤ "ፕሌከር እሷን ቢያገኛት ኖሮ!" እያሉ።

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቁጭ ብለን በስልክ የ1910 ቆጠራን ከፈትን። ባልቲሞር፣ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ሁሉም ነጭ። ቆጠራው የአባትንም የትውልድ አገር ይጠይቃል። የጄምስ ወንዝ ጀልባ ነጂ የተወለደው እንግሊዝ አገር ነው ተብሎ ተጽፏል።

"እንግሊዝ!" አሉ ማማ። ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመና መሀረብ ጠየቁኝ።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለችውን ሴት ካደች ይላል። እኔ መፍረድ አልቻልኩም። በየዓመቱ የሚቀየር መስፈሪያ ይዞ በር ላይ ለሚቆም ሰው እውነቱን የመናገር ዕዳ አለብኝ ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ የለብኝም ነው መልሴ። እናት ሞታ ለቀብር አለመምጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህንን ማማም አይረሱላትም፤ ዲያቆኑም አልረሱም።

ቤት እንደገባን ማማ ልጄን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጧትና ለሜሪላንዷ ሴት መልስ አስጻፉ። አጭር ነው፤ የአያትሽ እናት የቅድመ አያቴ ታናሽ እህት ናት፤ እናትና አባቷ እነእገሌ ናቸው፤ ወረቀቶቹ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። መቃብራቸውን ማየት ከፈለግሽ ደውዪልኝ፤ ቁልፉ ያለው ዘመዳችን ጋ ነው። ልጄ የ1880ውን ቆጠራ፣ የ1889ኙን ጋብቻና የ1902ቱን ማመልከቻ ካያያዘች በኋላ የ1866ቱን ገጽ፣ ያንን "የመጨረሻ ባለቤት" የሚል ዓምድ ያለበትን፣ ልጨምር ወይስ ይቅር ብላ ጠየቀች።

"እሱን አስቀድሚው" አሏት ማማ፤ "ሌላው ይከተል።"